ለመርሳት በሽታ «የጂን ሕክምና» ፍለጋ በሬ ከመሸጣችሁ በፊት



ሰሞኑን በውስጥ መስመር ከምትልኩልኝ ጥያቄዎች መካከል አንዱ መልኩን እየቀያየረ ይመጣል። «ዶክተር፣ ለመርሳት በሽታ የጂን ሕክምና ተገኘ ሲባል ሰማን፤ እውነት ነው?» የሚል አለ። «እማዬን ውጭ አገር ወስደን ብናሳክማትስ?» የሚል አለ። «ሁለቱን በሬ ብንሸጥ መነሻ ይሆነናል ወይ?» ብሎ የጠየቀኝም አለ። ዛሬ ቁጭ ብዬ እንድጽፍ ያደረገኝ ይህ የመጨረሻው ነው። በአጋርፋ ገጠር ለብዙ ቤት ሁለት በሬ ማለት የከርሞ እንጀራ ማለት ነው።

አጭሩን መልስ አስቀድሜ ልንገራችሁ። ዛሬ በየትኛውም አገር ለአልዛይመር በሽታ ፈቃድ አግኝቶ ለሕመምተኛ የሚሰጥ የጂን ሕክምና የለም። ምርምሩ እውነተኛ ነው፤ ተስፋም አለው። ነገር ግን ገና ምርምር ነው። «ክፈሉና እንሰጣችኋለን» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ፣ በስልክም ይሁን በቴሌግራም፣ እያታለላችሁ ነው።

ይህ መረጃው ነው። ከዚህ ቀጥሎ የምጽፈው ደግሞ መረጃውን መሠረት ያደረገ የራሴ አቋም ነው፦ ስለ ሩቁ ሕክምና የምናወራውን ያህል በቅርባችን ስላለው አናወራም፤ በቅርባችን ያለው ደግሞ ከሩቁ ይልቅ ጠንካራ ማስረጃ አለው።

«ጂን» እና «ጅኒ»

መጀመሪያ ስሙን እናጥራ። በእኛ አካባቢ «የጂን ሕክምና» ሲባል ጅኒ ማስወጣት የሚመስላቸው ሰዎች አሉ። አይፈረድባቸውም። ቃሉ ይመሳሰላል፤ ሕመሙም ያሳስታል። አንድ አባት ሌሊት ተነሥተው ከሞተ ሃያ ዓመት የሆነውን ወንድማቸውን ሲጣሩ፣ የወለዱትን ልጅ «አንተ የማን ልጅ ነህ?» ሲሉ ያየ ሰው መንፈስ ነው ቢል አይገርምም። ይህ ግን የአንጎል በሽታ ነው። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 የአንዲት ሕመምተኛውን አንጎል ከሞተች በኋላ መርምሮ ያገኘውን ለባልደረቦቹ ሲያቀርብ፣ በሕዋሳቱ መካከል የተከማቸ ቆሻሻና በሕዋሳቱ ውስጥ የተተበተበ ክር አሳየ። በሽታው በስሙ ተጠራ።

ሐኪሞች «ጂን» የምንለው በአማርኛ ዘረመል የሚባለውን ነው። የባሌ ገበሬ ዘረመልን በሌላ ስም ስለሚጠራው እንጂ በደንብ ያውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2010 ቢጫ ዋግ የአገራችንን ስንዴ ሲመታ ኩብሳ የሚባለው ዝርያ ክፉኛ መጎዳቱን የምታስታውሱ ብዙ ናችሁ። በአንድ ዝናብ፣ በአንድ መሬት ላይ እንኳ አንዱ ዝርያ ይወድቃል፣ ሌላው ይቆማል። ልዩነቱ በዘሩ ውስጥ ያለው መመሪያ ነው። የሲናና ግብርና ምርምር ማዕከል ዋግ የሚቋቋም ዝርያ ለማውጣት የሚደክመውም ለዚሁ ነው።

ሰውም እንዲሁ ነው፤ በአንድ ትልቅ ልዩነት። ገበሬ ዝርያው ካልሆነው በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ዘር ይዘራል። የሰው አንጎል ግን እንደገና አይዘራም። ስለዚህ በአንጎል ላይ የሚሞከረው የጂን ሕክምና የቆመ ሰብልን ሳይነቅሉ ዘሩን ለማረም እንደ መሞከር ነው።

እንዴት ይሠራል? እስካሁንስ ምን ተገኘ?

ጠቃሚውን መመሪያ ተሸክሞ ሕዋስ ውስጥ የሚያደርስ አጋሰስ ያስፈልጋል። ብዙ ጊዜ ለዚህ የተመረጠው በሽታ የማያስይዝ ቫይረስ ነው። የራሱ መመሪያ ይወጣለታል፣ በምትኩ የሚፈለገው ዘረመል ይጫንበታል።

ይህ መንገድ በሌሎች በሽታዎች ላይ ሠርቷል። በጨቅላ ሕፃናት ላይ ጡንቻን የሚያዝለውን አንድ ከባድ የዘር በሽታ የሚያክመው ዞልጀንስማ እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካ ተፈቅዷል፤ ለአንድ ጊዜ መርፌ የወጣለት ዋጋ 2.1 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነበር። በ2023 መጨረሻ ደግሞ ዘረመልን በማረም ሲክል ሴል የተባለውን የደም በሽታ የሚያክም ሕክምና በእንግሊዝና በአሜሪካ ተፈቀደ። ስለዚህ የጂን ሕክምና ተረት አይደለም።

በአልዛይመር ላይ ግን ነገሩ ከበደ። እነዚያ በሽታዎች የሚመጡት ከአንድ የተበላሸ ዘረመል ነው። አልዛይመር ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከብዙ ዘረመሎች፣ ከዕድሜና ከአኗኗር ተደማምሮ የሚመጣ ነው። አንጎልም በደም ሥሮቹ ዙሪያ ጥብቅ ኬላ አለው፤ ብዙ መድኃኒት አያሳልፍም። በዚያ ላይ መርሳቱ ለቤተሰብ እስኪታይ ድረስ በሽታው ውስጥ ለውስጥ 15 እና 20 ዓመት ሊሠራ ይችላል።

የተሞከረውን ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ2001 በካሊፎርኒያ ሳንዲያጎ ሐኪሞች የአንጎል ሕዋስን የሚመግብ ፕሮቲን የሚያመርት ዘረመል ወደ አልዛይመር ሕመምተኞች አንጎል በቀዶ ሕክምና ማስገባት ጀመሩ። የመጀመሪያዎቹ ስምንት ሰዎች ውጤት በ2005 ሲታተም ተስፋ ሰጠ። ቀጥሎ በ49 ሰዎች ላይ ትክክለኛው ፈተና ተደረገ፤ ግማሽ ያህሉ ሕክምናውን፣ የቀሩት የማስመሰያ ቀዶ ሕክምና ተሰጣቸው። በ2018 የታተመው ውጤት በሁለቱ መካከል ልዩነት አላሳየም። በኋላ ከመካከላቸው የሞቱ ሰዎች አንጎል ሲመረመር፣ የተጫነው ዘረመል ሊደርስባቸው ወደታሰበው ሕዋሳት እንዳልደረሰ ታየ። አጋሰሱ ገበያው ሳይደርስ መንገድ ላይ ቀርቷል ማለት ነው።

ተመራማሪዎቹ ተስፋ አልቆረጡም። አሁን ሌላ የሚመግብ ፕሮቲን የሚያመርት ዘረመል፣ በምስል እየተመሩ በትክክል ቦታው ላይ ለማድረስ እየሞከሩ ነው። በኒው ዮርክ የተጀመረ ሌላ ሙከራ ደግሞ ለበሽታው የሚያጋልጠውን ዘረመል ከአባትም ከእናትም ለወረሱ 15 ሰዎች ተከላካዩን ዓይነት በአንጎልና በአከርካሪ ዙሪያ ባለው ፈሳሽ በኩል ሰጥቷል። ተከላካዩ ፕሮቲን በፈሳሹ ውስጥ መጨመሩ ተዘግቧል፤ ይህ ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን 15 ሰው ጥቂት ነው፤ ማነጻጸሪያ ቡድንም አልነበረውም። ፕሮቲን ጨመረ ማለት እናት የልጇን ስም አስታወሰች ማለት አይደለም።

«አልዛይመርን የሚያክም አዲስ መርፌ በአሜሪካ ተፈቅዷል» ያላችሁኝም ትክክል ናችሁ፤ ያ ግን የጂን ሕክምና አይደለም። ሌካኔማብ ይባላል፤ በ2023 ተፈቀደ። በበሽታው መጀመሪያ ላይ ባሉ ሰዎች በ18 ወር ውስጥ መዳከሙን በ27 በመቶ ያዘገማል፤ አያድንም፣ የጠፋውንም አይመልስም። ሲወጣ ዋጋው በዓመት 26,500 ዶላር ነበር። አንጎል ውስጥ እብጠትና መድማት ሊያስከትል ስለሚችል ተደጋጋሚ የኤምአርአይ ምርመራ ይጠይቃል።

«በዘራቸው አለ» የሚለው ነገር

የዘረመል ወሬ ሲበዛ አንድ ነገር ያሳስበኛል። በአገራችን ሽማግሌ ልኮ ልጅ የሚጠይቅ ቤተሰብ «በዘራቸው እብደት አለ ወይ?» ብሎ ያጣራል። አሁን ደግሞ «አያታቸው አልዛይመር ነበረባቸው» ማለት ይጀመር ይሆናል። እባካችሁ አይጀመር።

ከወላጅ ወደ ልጅ በቀጥታ የሚሄደው የአልዛይመር ዓይነት ከመቶ አንድ እንኳ አይሞላም፤ ብዙውን ጊዜም ከ65 ዓመት በፊት ይጀምራል። በሌሎቻችን ላይ ዘረመል አደጋውን ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል እንጂ ፍርድ አይሰጥም። አፖኢ-4 የሚባለው ዓይነት ለበሽታው ያጋልጣል፤ ነገር ግን የያዘው ሁሉ አይታመምም፣ የሌለውም ሊታመም ይችላል። ስለዚህ ምልክት የሌለባችሁ ሰዎች ይህን ምርመራ ውጭ አገር ልካችሁ እንድታሠሩ አልመክርም። የሚነግራችሁ ሥጋት ነው፤ የሚሰጣችሁ መድኃኒት የለም።

ለዚህ ከአፍሪካ የወጣ ጥሩ ማስረጃ አለን። እ.ኤ.አ. ከ1992 ጀምሮ በናይጄሪያ ኢባዳን የሚኖሩ የዮሩባ አዛውንቶችና በአሜሪካ ኢንዲያናፖሊስ የሚኖሩ ጥቁር አሜሪካውያን አዛውንቶች ለዓመታት ጎን ለጎን ተጠኑ። በ2001 በታተመው ውጤት መሠረት በአልዛይመር አዲስ የሚያዙት በዓመት በኢንዲያናፖሊስ 2.52 በመቶ ሲሆኑ በኢባዳን 1.15 በመቶ ነበሩ፤ ከግማሽ በታች። አፖኢ-4 በኢባዳን ከበሽታው ጋር ያለው ግንኙነትም ደካማ ነበር። የዘር ሐረጋቸው የተቀራረበ ሰዎች፣ አኗኗራቸው ሲለያይ፣ ዕጣቸውም ተለያየ።

ከዚህ የምወስደው ሌላ ትምህርትም አለ። የእኛ ሰው ያልተካተተበት የዘረመል ጥናት ለእኛ ሙሉ መልስ አይሰጥም። የባሌ ተራራ ኦሮሞዎችና የሰሜን ተራራ አማራዎች ዘረመል ከፍታን እንዴት እንደተላመደ ተጠንቶ እ.ኤ.አ. በ2012 ውጤቱ ታትሟል። ስለ አንጎል በሽታም እንዲህ ያለ ጥናት ሲመጣ፣ በሚገባን ቋንቋ ተብራርቶልን፣ በፈቃደኝነት መሳተፍ ይገባናል የሚል እምነት አለኝ። ልብ በሉ፣ እውነተኛ ጥናት ተሳታፊውን «ክፈል» አይልም።

33,995 ሰዎች

አሁን ወደ አቋሜ ልምጣ። ከላይ የቆጠርኳቸው የጂን ሙከራዎች የ8፣ የ49 እና የ15 ሰው ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2025 የታተመ አንድ ሌላ ጥናት ግን በ326 የቻይና የገጠር መንደሮች 33,995 ሰዎችን ለአራት ዓመት ተከታትሏል። የተሰጣቸው ሕክምና ምን ነበር? የደም ግፊት መድኃኒትና ክትትል። የሰጧቸው ስፔሻሊስቶች ሳይሆኑ ሥልጠና ያገኙ የመንደር ጤና ሠራተኞች ናቸው። ግፊታቸው በደንብ በተቆጣጠረላቸው መንደሮች የአእምሮ መዳከም በሽታ በ15 በመቶ ቀነሰ።

ይህን ደግማችሁ አንብቡት። ገጠር ነው። መድኃኒቱ ርካሽ ነው። ባለሙያው የመንደር ነው። እኛም ጤና ኬላ አለን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ አለን፣ ጤና ጣቢያ አለን፣ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አለን።

ላንሴት የተባለው የሕክምና መጽሔት ያቋቋመው ኮሚሽን በ2024 እንዳለው፣ በዓለም ላይ ካለው የአእምሮ መዳከም 45 በመቶ ገደማ የሚሆነው ሊቀየሩ ከሚችሉ 14 ነገሮች ጋር የተያያዘ ነው። የደም ግፊት፣ ስኳር፣ ከፍተኛ ኮሌስትሮል፣ ውፍረት፣ ሲጋራ፣ ብዙ አልኮል፣ እንቅስቃሴ ማጣት፣ የጭንቅላት ጉዳት፣ ድባቴ፣ ብቸኝነት፣ የአየር ብክለት፣ የመስማት መቀነስ፣ ያልታከመ የዓይን መጋረድ እና በልጅነት ትምህርት ማጣት ናቸው። ወላጆች፣ የመጨረሻውን እዩልኝ። ሴት ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አለማስቀረት የዛሬ ስድሳ ዓመት የሚከፈል የአንጎል ጤና ነው።

እንግዲህ የእኔ ሐሳብ ይህ ነው፦ በሬው አይሸጥ። የሚሸጥ ነገር ካለም ገንዘቡ ለመድን መዋጮ፣ ለደም ግፊት መድኃኒት፣ ለዓይን ቀዶ ሕክምና፣ ለመስሚያ መሣሪያ ይዋል። «ይህ እኮ ተራ ነገር ነው» የሚለኝ ሰው ይኖራል። አዎ፣ ተራ ነው። ተራ ስለሆነ ነው የምናቋርጠው፣ ተራ ስለሆነ ነው ግፊታችንን ሳንለካ ሃምሳ ዓመት የምንሞላው። ግፊት አያምም፤ ሳያም አንጎልን ይጎዳል።

«ጃጅታ ነው» ከማለታችን በፊት

መርሳት ሁሉ አልዛይመር አይደለም። አንዳንዱ ይታከማል፣ አንዳንዱም ሙሉ በሙሉ ይድናል። አዛውንት ሲረሱ ወይም ጠባያቸው ሲለወጥ እነዚህ ሳይታዩ አይታለፉ፦

1. በሰዓታት ወይም በቀናት ውስጥ የመጣ መደናገር። ይህ ድንገተኛ ሕመም ነው። የሳንባ ምች፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን፣ ከቆላ ለተመለሰ ሰው ወባ፣ የስኳር መውረድ ሊሆን ይችላል። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ይወሰዱ።

2. የአፍ መጣመም፣ የአንድ ጎን መዛል፣ የንግግር መያዝ። ስትሮክ ነው ብላችሁ ሩጡ።

3. ከፈረስ፣ ከሞተር ወይም ከደረጃ መውደቅ። በአዛውንት ላይ ደም ቀስ ብሎ ተጠራቅሞ ከሳምንታት በኋላ መርሳትና እንቅልፍ ሊያመጣ ይችላል። መውደቁ «ያለፈ ነገር ነው» ተብሎ አይዘለል፤ ለሐኪሙ ንገሩት።

4. የእንቅርት ዕጢ ሥራ መድከም፣ የቫይታሚን ቢ12 እጥረት፣ ኤችአይቪ፣ ቂጥኝ። በደም ምርመራ ይታወቃሉ፤ ሕክምና አላቸው።

5. መድኃኒት። የእንቅልፍ ክኒን፣ አንዳንድ የአለርጂና የጉንፋን ክኒኖች አዛውንትን ያደናግራሉ። ቤት ያለውን ክኒን ሁሉ በፌስታል ይዛችሁ አሳዩ።

6. ድባቴ። የትዳር ጓደኛቸውን ቀብረው ዝም ያሉ ሰው የረሱ ሊመስሉ ይችላሉ።

7. ጆሮና ዓይን። ያልሰማ ሰው አያስታውስም። አንዳንዴ መፍትሔው የጆሮ ኩክ ማውጣት ብቻ ነው።

ጸበሉም ይቀጥል፣ ዱዓውም ይቀጥል። እኔ የምለምናችሁ ከምርመራው በፊት እንዳትቆሙ፣ የተጀመረ መድኃኒትም እንዳታቋርጡ ነው።

አልዛይመር ከሆነስ?

እንደ ዶኔፔዚል ያሉ መድኃኒቶች ለአንዳንድ ሰዎች ምልክቱን ለጊዜው ያቀሉታል፤ ሐኪማችሁን ጠይቁ። ዋናው ሕክምና ግን ቤት ውስጥ ነው፤ ብዙ ጊዜም በአንዲት ሴት ልጅ ወይም ምራት ጫንቃ ላይ ይወድቃል።

አትከራከሩ፤ «ነግሬሽ አልነበር?» አይጠቅምም። የተናገሩትን አጽድቃችሁ ወሬውን ቀይሩ። ምድጃውንና የሚነድ ነገርን ጠብቁ። የባሌ ሌሊት ብርድ ነው፤ ወጥተው እንዳይጠፉ መውጫውን ተቆጣጠሩ፣ ስምና ስልክ የተጻፈበት ጨርቅ በልብሳቸው ውስጥ ስፉ። ማሰርና መምታት በሽታውን ያባብሳል፤ በደልም ነው። የመሬት ደብተርና የውርስ ጉዳይ ገና ማሰብ በሚችሉበት ጊዜ፣ በራሳቸው ፈቃድና በምስክር ፊት ይለቅ። በኋላ ጣታቸውን ይዞ ማስፈረም ቤተሰብ ያፈርሳል።

አስታማሚዋንም አስታውሱ። ወንድሞች፣ ከከተማ ገንዘብ መላክ ጥሩ ነው፤ በወር አንድ ሳምንት መጥቶ እሷን ማሳረፍ ግን ይበልጣል። ሌሊት እንቅልፍ የሌላት፣ ቀን ሥራ የማይቀርላት ሰው ራሷም ትታመማለች።

የጂን ሕክምናውን ወሬ እየተከታተልኩ፣ የተጨበጠ ነገር ሲመጣ እዚሁ ገጽ ላይ እጽፍላችኋለሁ። እስከዚያው አንድ የቤት ሥራ ልስጣችሁ። ዕድሜያችሁ ከ30 በላይ የሆነ ሁሉ፣ በዚህ ሳምንት አቅራቢያችሁ ባለ ጤና ተቋም ደም ግፊታችሁን ተለኩ። ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጻፉት። የላይኛው 140 ወይም የታችኛው 90 ከሞላ ወይም ካለፈ፣ ሌላ ቀን ተመልሳችሁ አስለኩና ከሐኪም ጋር ተነጋገሩ። ወላጆቻችሁንም አብራችሁ ውሰዱ።

ጥያቄ ካላችሁ ከታች ጻፉልኝ። ይህን ጽሑፍ በተለይ አዛውንት ለሚያስታምም ሰው አጋሩት።

መልካም ጤና ለሁላችሁም።